ለትንፋሽ ቧንቧ የሚገዛ ክር፦ ከስክራብ ነርስ ጠረጴዛ የተጻፈ ግምገማ

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ደረጃ ክር ግዛ ተብሎ ወረቀት ተሰጥቶት ከሆስፒታል በር ወጥቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ለሚዞር ወንድም፣ ለምትዞር እህት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ገና ኦፕሬሽን ክፍል ለገቡ ታናናሾቼ። እኔ ስክራብ ነርስ ነኝ፤ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ለሐኪሙ መሣሪያ የማቀብል ማለት ነው። 16 ዓመት ክርና መርፌ አቀብያለሁ፤ ያለፉትን 9 ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት አንገትና ደረት በሚከፈትበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚሰፋው ሐኪሙ ነው። ነገር ግን ክሩን መጀመሪያ በጣቱ የሚዳስሰው፣ መርፌ ሲጎብጥና ክር ሲጠላለፍ ቀድሞ የሚያየው የእኔ ዓይነት ሰው ነው። ስለ ክር የምለው አለኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ወንድም መጣ። ታናሹ 24 ዓመቱ ነው። በሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላቱን ተመቶ 19 ቀን በመተንፈሻ ማሽን ቆየና ተረፈ። ቤቱ ከገባ ከወር ተኩል በኋላ ግን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ። አስም ነው ተብሎ የሚሳብ መድኃኒት ሲወስድ ከረመ፤ አልለቀቀውም። ጋደም ብሎ መተንፈስ ሲያቅተው ነው በካሜራ የታየው። የትንፋሽ ቧንቧው በጠባሳ ታንቆ፣ የቀረው ቀዳዳ ከእስክሪብቶ ቀፎ አይበልጥም ነበር።

እንዲህ የሚሆነው ለምን መሰላችሁ? ማሽኑ ላይ ያለ ሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ጫፉ አካባቢ አየር የሚሞላ ፊኛ አለው። የፊኛው ግፊት ከ30 የውሃ ሴንቲ ሜትር አልፎ ከቆየ የቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን ደም ያሳጣዋል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል፤ ሲድን በጠባሳ ይድናል፤ ጠባሳ ደግሞ ይሰበሰባል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ያንን ግፊት በየፈረቃው ለኩት፤ ከ20 እስከ 30 መካከል ይሁን። እኛ ጋ የሚመጣው ሥራ ግማሹ እዚያ ይቀር ነበር።

ሐኪሙ የተበላሸውን 3 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ጫፍና ጫፉን ሊያገናኙ ወሰኑ። ወረቀቱ ላይ የጻፉት ግልጽ ነበር፦ ፖሊዲዮክሳኖን (የሚሟሟ ክር ነው)፣ ቁጥር 4-0፣ ባለ ድቡልቡል ጫፍ መርፌ፣ 17 ሚሊ ሜትር፣ 8 ፓኬት። ወንድምየው ግማሽ ቀን ዞሮ፣ በዝናብ በስብሶ፣ ጥቁር ሐር ክር ይዞ መጣ። መርፌው ደግሞ ቆዳ የሚሰፋበት፣ ጠርዙ የሚቆርጥ ዓይነት።

«ሲስተር፣ ያው ክር ነው ብለውኝ ነው» አለኝ።

ያው አይደለም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ቃል ነው።

የአዋቂ ሰው የትንፋሽ ቧንቧ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ18 እስከ 22 የለምለም አጥንት ቀለበቶች አሉት፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ቀለበት ያህል ማለት ነው። ቀለበት እንላቸዋለን እንጂ ሙሉ ክብ አይደሉም፤ ከኋላ በኩል ክፍት ናቸው፤ እዚያ ያለው ከምግብ ቧንቧ ጋር ተደግፎ የሚኖር ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ አንድ ክር ሁለት ዓይነት ጨርቅ መስፋት አለበት፦ ከፊት ጠንካራውን፣ ከኋላ በቀላሉ የሚተረተረውን። የሚቆርጥ መርፌ ስሱን ሽፋን ይቀደዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ቀለበቱ ራሱ እየደረቀ ወደ አጥንት ይጠጋል፤ መርፌ ሲጎብጥ በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው። በዚያ ላይ ቧንቧው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰውየው ይውጣል፣ ያስላል፣ ያዛጋል። ውስጡ አየር፣ አክታና ጀርም ያለበት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚቀመጥ ክር ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የሚያስፈልገው በታሰረ ቀን ብቻ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ምን ያህል ይዞ ይቆያል? በሦስተኛው ወር ምን ትቶ ይሄዳል? ክርን የምመዝነው በእነዚህ ነው።

ሐሩን በአንድ አንቀጽ ልጨርሰው። በእጅ ሲያዝ የሚያስደስት ክር ነው፤ ይታዘዛል፣ ቋጠሮው አይፈታም። ለትንፋሽ ቧንቧ ግን አይሆንም። አይሟሟም፣ ሰውነት ይቆጣዋል፣ የተጎነጎነ ስለሆነ ጀርም በጉንጉኑ መሀል ይደበቃል። ለሌላ ሥራ አስቀምጡት።

ሰማያዊው ፖሊፕሮፒሊን ከሐር በብዙ ይሻላል። ወጥ ነው (አንድ ዘለላ እንጂ ጉንጉን አይደለም)፣ ያንሸራትታል፣ ሰውነት ብዙም አይቆጣውም። ሳንባ ንቅለ ተከላ ላይ የቧንቧ ቅርንጫፍ የሚሰፉበት ሐኪሞች አሉ። የእኔ ቅሬታ አለመሟሟቱ ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ የተሰፋ ሰው እኛ ጋ መጣ፤ ደም የነካው አክታ ይተፋል፣ ሳሉ አልቆም ብሎታል። በቀጥተኛው የብረት ቱቦ ስናየው ሰማያዊ ቋጠሮ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያውን ቀይ ትርፍ ሥጋ አብቅሎበት ተቀምጧል። ሐኪሙ ቆርጠው ሲያወጡት ክሩ እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ትርፍ ሥጋ በዓለምም የታወቀ ችግር ነው። የትንፋሽ ቧንቧ ቀዶ ሕክምናን መንገድ ካስያዙት ዋነኛ ሰዎች አንዱ፣ በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የነበሩት ሐኪም ሄርመስ ግሪሎ፣ መጀመሪያ ላይ በማይሟሟ ክር ይሰፉ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደሚሟሟው ሲዞሩ በስፌቱ መስመር ላይ የሚበቅለው ትርፍ ሥጋ እጅግ ቀነሰ።

የዞሩበት ክር ሦስተኛው ነው፦ ፖሊግላክቲን 910፣ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሁላችንም ቪክሪል የምንለው። ስሙ ላይ ያለው 910 ከምን እንደተሠራ ይነግራችኋል፤ 90 እጁ ግላይኮላይድ፣ 10 እጁ ላክታይድ ነው። ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ላዩ የተቀባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐምራዊ ነው። በ2ኛው ሳምንት ከጥንካሬው 75 በመቶ ያህል፣ በ3ኛው ግማሹ፣ በ4ኛው ሩቡ ይቀራል። ከ56 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ ሰውነት ውስጥ ጠፍቶ ያልቃል። ስፌቱ ፈተና ላይ የሚወድቅበት ጊዜ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሆኑ ይህ አቅም ይበቃል። ቋጠሮው ይነክሳል፤ ወጣት ሐኪም የሚወደው ለዚህ ነው። ጉድለቱ ሲሳብ ነው የሚታየው፤ ጉንጉኑ ስሱን የኋላ ሽፋን እንደ መጋዝ ይፈገፍጋል። ቀስ ብሎ የማይስብ እጅ መርፌው ከበሳው የሰፋ ቀዳዳ ይተዋል። ክሩን በሴላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) ነካ አድርጌ ካቀበልኩት ይሻሻላል እንጂ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፖሊዲዮክሳኖን፣ እኛ ፒዲኤስ የምንለው። ይህም ሐምራዊ ነው፤ ስለዚህ በቀለም ብቻ ከቪክሪል አትለዩትም፤ ጣት ነው የሚለየው። ወጥ ነው፣ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ናይለን ለስላሳ። በሕብረ ሕዋስ መሀል ሲያልፍ ድምፅ የለውም፣ አይጎትትም። ቁጥር 4-0 ውፍረቱ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ይህን የሚያህል ቀጭን ክር በሁለተኛው ሳምንት 60 በመቶ፣ በአራተኛው 40 በመቶ፣ በስድስተኛው 35 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ይዞ ይቆያል። ሟሙቶ ለማለቅ ግማሽ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ስኳር ሕመም ላለበት፣ ስቴሮይድ ለሚወስድ፣ ቁስሉ ቶሎ ለማይድን ሰው ያቺ የአራተኛ ሳምንት 40 በመቶ ትርጉም አላት ብዬ አምናለሁ።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የማስቀርበት ምክንያት አለኝ። ከፓኬቱ ሲወጣ የተጠቀለለበትን ቅርጽ አይተውም፤ ይጥቀለላል፣ ይፈናጠራል። እኔ በሁለት እጄ ሳብ አድርጌ፣ ትንሽ ቆይቼ፣ አቃንቼ ነው የማቀብለው፤ ታናናሾቼም እንዲህ ልመዱ። ቋጠሮው ይንሸራተታል፤ ለቪክሪል ሦስት ዙር በሚበቃበት ቦታ ይህ አምስት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሩን በኒድል ሆልደር (በመርፌ መያዣው መቆንጠጫ) መሀሉን አትንከሱት። ወጥ ክር የተነከሰበት ቦታ ላይ ይዳከማል፤ ያ ቦታ ከቋጠሮው አጠገብ ከዋለ ሌሊት ላይ በአንድ ሳል ይበጠሳል። መያዝ ካለበት በመጨረሻ ተቆርጦ በሚጣለው ጫፍ ይያዝ።

ክሩ በእጅ እንዴት እንደሚውል ካልነገርኳችሁ ግምገማው ጎዶሎ ነው። አብሬያቸው የምሠራ ሁለት ሐኪሞች አሉ። ታላቁ ሁሉንም ስፌት ነጠላ ነጠላ ያደርጋሉ። ወጣቱ ከኋላ ያለውን ስስ ሽፋን በአንድ ተከታታይ ክር ይሰፋና የፊቱን ቀለበት ነጠላ ነጠላ ያደርጋል። በሁለቱም መንገድ የሚሠሩ ጥሩ ማዕከሎች በዓለም ላይ አሉ። ተከታታዩ ፈጣን ነው። ፍጥነት ደግሞ እዚህ ቀልድ አይደለም፤ ቧንቧው ተቆርጦ ሳለ በሽተኛው የሚተነፍሰው በታችኛው ጫፍ በገባ ቱቦ ነው፤ ሐኪሙ ከኋላ እንዲሰፉ ያ ቱቦ ይወጣል። ሰመመን ሰጪው ኦክስጅኑን ይጠራል፦ 98፣ 96፣ 93። ሐኪሙ ሁለት ስፌት ይጨምራሉ፤ ቱቦው ይመለሳል። እንደገና። በዚያ ሰዓት ክር የሚያጠላልፍ ነርስ የሰውየውን ትንፋሽ ነው የምትወስደው። የተከታታዩ ስጋት ግን አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም መላላቱ ነው፤ አጥብቆ የሚስብ እጅ ደግሞ ዙሪያውን እንደ ከረጢት አፍ ሊሰበስበው ይችላል። ነጠላው አንዱ ቢከዳ ጎረቤቱ ይይዛል፤ በስፌትና በስፌት መሀል ደም የሚያልፍበት ሥጋ ይቀራል።

የዚያን ልጅ የሠሩት ታላቁ ናቸው፤ ወንድምየው ሁለተኛ ቀን ትክክለኛውን አግኝቶ 8ቱንም ፓኬት ይዞ መጣ። ከአንዱ 70 ሴንቲ ሜትር ክር ሦስት ስፌት እናወጣለን። ሐኪሙ ከኋላው መሀል ጀምረው ወደ ፊት፣ ከጠርዙ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ገብተው፣ በስፌትና በስፌት መሀልም ያን ያህል ትተው መርፌውን ያሳልፋሉ። ግን አያስሩም። እያንዳንዱ ክር በየራሱ መቆንጠጫ ተይዞ በአንሶላው ጠርዝ ላይ በተራ ይደረደራል። ሃያ ያህል ክር እንደ ሸማኔ ድር ተወጥሮ ሲጠብቅ ተራውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አንዱ ከተሻገረ ሁሉም ይጠላለፋል። ከዚያ በግራና በቀኝ፣ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ርቀው የገቡት ሁለት ወፍራም የመሳቢያ ክሮች፣ ቁጥር 2-0፣ መጀመሪያ ይታሰራሉ፤ ጉተታውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። የልጁ አንገት ወደ ፊት ይጎነበሳል። ከዚያ ቀጫጭኖቹ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ይታሰራሉ፤ ቋጠሮው ሁሉ ከቧንቧው ውጭ ይቀራል። ታላቁ ሐኪም ሲያስሩ እጃቸው ሳብ አያደርግም፤ ጠርዝና ጠርዙ ሲሳሳም ያቆማሉ። አጥብቆ የታሰረ ክር ደም አንቆ የሚገድለው ያንኑ ሊያድን የመጣውን ጠርዝ ነው። በመጨረሻ መጋጠሚያው ላይ ሴላይን ተሞልቶ ሰመመን ሰጪው አየር ይገፋል፤ ሁላችንም አረፋ እንጠብቃለን። አልወጣም።

ሐኪሙ የሚሰጉት ግን ከክር ይልቅ ጉተታን ነው። ግሪሎ ለአዋቂ ሰው ስፌት ልክ ብለው የያዙት ጉተታ 1,000 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ኪሎ ስኳር በመጋጠሚያው ላይ አንጠልጥላችሁ አስቡት። ከቦስተኑ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት 901 በሽተኞችን ተመልክቶ ነበር፤ 95 በመቶው ጥሩ ውጤት አገኘ፤ 9 በመቶው ላይ መጋጠሚያው ችግር አመጣ። ለችግር ያጋልጣሉ ተብለው የተዘረዘሩት ስድስት ናቸው፦ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና፣ ስኳር ሕመም፣ 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ መቁረጥ፣ ማንቁርት ድረስ የሚደርስ ሥራ፣ ዕድሜ 17ና ከዚያ በታች መሆን፣ ከቀዶው በፊት አንገት ላይ ተበስቶ የገባ መተንፈሻ ቱቦ ማስፈለጉ። ክር በዝርዝሩ የለም። ይህን የምነግራችሁ ክሩን ለማሳነስ አይደለም፤ ውድ ክር ገዝታችሁ ብትመጡም ሐኪሙ 3 ሴንቲ ሜትር ይቆረጥ ወይስ 5 የሚለውን ለመወሰን ቀናት ቢወስዱ እንዳትበሳጩ ነው። ቧንቧውን ለማላላት ዙሪያውን በብዙ ማላቀቅም አይቻልም፤ ደም የሚመጣለት ከጎንና ከጎን በትናንሽ ሥሮች፣ በየክፍሉ ነው።

የልጁ እናት ከቀዶው በፊት ኮሪደር ላይ ይዘውኝ «ሲስተርዬ፣ ይኼን ሁሉ ከምትቆርጡት የፕላስቲኩን ለምን አታስገቡለትም? በውጭ አገር ያስገባሉ ይባላል» አሉኝ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ይጠይቃል፤ በተለይ ውጭ ዘመድ ያለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ስቶክሆልም ውስጥ፣ አይስላንድ ይማር ለነበረ ኤርትራዊ ሰው የፕላስቲክ ቧንቧ ገብቶለት ዓለም ሁሉ አጨብጭቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ ሰውየው ሞተ። ቀዶውን የሠራው ፓውሎ ማኪያሪኒ በሌሎችም ላይ ደግሞታል፤ በ2023 የስዊድን ይግባኝ ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ፈርዶበታል። ለእናትየው ይህን ሁሉ አላወራሁም። «እማማ፣ ከራሱ ሥጋ የሚሻል አልተገኘም» ነው ያልኳቸው። ፕላስቲክ ላይ የሚሰፋ ክር የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከፕላስቲክ ጋር የሚገጥም ሥጋ የለም።

ልጁ ሲነቃ አገጩ ከደረቱ ቆዳ ጋር በወፍራም ክር ተሰፍቶ ነበር። ቀና ብሎ አንገቱን ወደ ኋላ እንዳይጥል ነው፤ ጉተታው ያኔ ነው የሚበዛው። እናቱ ሲያዩት አለቀሱ፤ «ልጄን አሰራችሁት» አሉ። ለቤተሰብ ይህ ክር እንደሚኖር አስቀድሞ መንገር ይገባን ነበር፤ እኛም አጥፍተናል። ሰባት ቀን እንዲያ ቆየ፤ በሾርባና በገንፎ፣ ዓይኑን ወደ ላይ ብቻ እያነሳ። በሰባተኛው ቀን በካሜራ ታየ፤ መስመሩ ሮዝ ነበር፣ አንድም ቋጠሮ ወደ ውስጥ አልገባም። የአገጩን ክር የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ወር ለክትትል ሲመጣ ወደ ሦስተኛ ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ነው በራችን የደረሰው።

እንግዲህ ለምትገዙ። ወረቀቱን ለባለ ፋርማሲው ስጡት እንጂ በቃል አትንገሩ። አራት ነገር አመሳክሩ፦ የክሩ ስም፣ ቁጥሩ፣ የመርፌው ዓይነት፣ የመርፌው ርዝመት። 3-0 ከ4-0 ይወፍራል፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ክሩ ይቀጥናል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መርፌው «ቴፐር» ወይም ድቡልቡል ምልክት ያለው ይሁን፤ ሦስት ማዕዘን ምልክት ካያችሁ የሚቆርጥ ነው፣ መልሱት። የአገልግሎት ማብቂያውን በየፓኬቱ እንጂ በካርቶኑ ላይ ብቻ አትዩ፤ አንድ ጊዜ ቀኑ ያለፈ ፓኬት አዲስ ካርቶን ውስጥ ተቀላቅሎ ደርሶናል። የሚሟሟ ክር የሚሟሟው በእርጥበት ነው፤ ስለዚህ ፎይሉ የተበሳ፣ የታሸ፣ የተቀደደ ፓኬት ሰውነት ውስጥ ሳይገባ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ መክረም አይወድም፤ ፀሐይ በሚያርፍበት መስታወት ሥር የተደረደረ ካያችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይም አትተዉት። «ያው ነው» ከተባላችሁ ሳትከፍሉ ኦፕሬሽን ክፍል ደውሉ፤ ቪክሪል በፒዲኤስ ፋንታ አንዳንዴ ይሆናል፣ ያንን የሚወስነው ግን የሚሰፋው ሐኪም ነው። ደረሰኝ ተቀበሉ። ያልተከፈተ ፓኬት ከተረፈ እንመልስላችኋለን፤ ከዚያ ልጅ አንድ ተርፎ ወንድምየው በደረሰኙ መልሶ ብሩን ተቀብሏል።